በእንግሊዝኛ ቤት መፈለግ፣ መከራየትና መኖር፦ ምን ይባላል? ምን ማለትስ ነው?

ስለ ኪራይ ቤት የሚደረግ የእንግሊዝኛ ንግግር ከመጀመሪያው ስልክ እስከ ቁልፍ መመለሻው ቀን የሚሽከረከረው በጥቂት ጉዳዮች ዙሪያ ነው። ኪራዩ ስንት ነው? ምን ምን ያካትታል? ከመቼ ጀምሮ መግባት ይቻላል? ሲበላሽ ማን ያሠራል? ሲለቁ መያዣው እንዴት ይመለሳል? ቃላቱ ቶሎ ይጠናሉ። የሚያስቸግረው አከራዩም ደላላውም እነዚህን ጉዳዮች በለስላሳ አነጋገር ሸፈን አድርገው ማለፋቸው ነው። «ሹድ ቢ ፋይን» ያለ ሰው «ችግር ያለው አይመስለኝም» አለ እንጂ ቃል አልገባም። «አይል ሉክ ኢንቱ ኢት» ያለም «እስቲ አየዋለሁ» አለ፤ ቀን አልቆረጠም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ንግግር ሁለት መልስ ይዞ መውጣት ያስፈልጋል፦ ማን ይከፍላል? እስከ መቼ? እነዚህ ካልታወቁ ንግግሩ የቱንም ያህል ቢያምር ስምምነት የለም።

ማስታወቂያው ሲነበብ

በእንግሊዝ ፍላት የሚባለው በአሜሪካ አፓርትመንት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ደጃፍ ላይ «ቱ ሌት» የሚል ሰሌዳ ከታየ «የሚከራይ» ማለት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ «ፎር ሬንት» ይላል። አከራዩ ላንድሎርድ፣ ተከራዩ ቴነንት ነው። በመሀል ያለው ደላላ በእንግሊዝ ሌቲንግ ኤጀንት፣ በአሜሪካ ብሮከር ወይም ሪል እስቴት ኤጀንት ይባላል። አማርኛ ተናጋሪ «ሪል እስቴት» ሲባል ቤት ሠርቶ የሚሸጥ ኩባንያ፣ «ሊዝ» ሲባል ደግሞ የመሬት ይዞታ ቶሎ ይታየዋል። በእንግሊዝኛ «ሳይን ዘ ሊዝ» ከተባሉ ግን የኪራይ ውሉን ይፈርሙ ማለት ብቻ ነው።

ክፍል ሲቆጠር የሚቆጠረው መኝታ ቤቱ ነው። «ቱ ቤድሩም» ሁለት መኝታ፣ ከዚያ ውጭ ሳሎን ያለው ቤት ነው። ስቱዲዮ መኝታው፣ ሳሎኑና ብዙውን ጊዜ ማብሰያውም በአንድ ክፍል ሆነው መታጠቢያው ለብቻ የሆነ ቤት ነው። በእንግሊዝ ቤድሲት የሚባለው ከዚህም ያንሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ መታጠቢያና ሽንት ቤቱ ከሌሎች ተከራዮች ጋር የጋራ ነው። የአሜሪካ ማስታወቂያ «ዋን ኤንድ ኤ ሃፍ ባዝ» ካለ፣ አንድ ሙሉ መታጠቢያ ቤትና ሽንት ቤት ከእጅ መታጠቢያ ጋር ብቻ ያለው ሌላ ክፍል አለ ማለት ነው። ግማሽ የተባለው ውስጥ ሻወር የለም። «ዎክ አፕ» ሕንፃው ሊፍት እንደሌለው ይናገራል።

ፎቅ አቆጣጠሩም ይለያያል። በእንግሊዝ ከመሬት እኩል ያለው «ግራውንድ ፍሎር» ነው፤ «ፈርስት ፍሎር» ከዚያ በላይ ያለው ነው። አማርኛ ተናጋሪ የለመደውም ይህንኑ ነው። በአሜሪካ ግን ብዙውን ጊዜ ከመሬት እኩል ያለው ራሱ «ፈርስት ፍሎር» ይባላል። ደረጃ መውጣት የሚከብደው ሰው ላለበት ቤተሰብ ይህ የአንድ ፎቅ ልዩነት ቀላል ስላልሆነ «ሃው ሜኒ ፍላይትስ ኦፍ ስቴርስ?» ብሎ የደረጃውን ብዛት መጠየቅ ይሻላል።

በእንግሊዝ ማስታወቂያ ከዋጋው ጎን የሚጻፉት ፒ ደብሊው እና ፒ ሲ ኤም ብዙ ሰው ያሳስታሉ። የመጀመሪያው በሳምንት፣ ሁለተኛው በወር ማለት ነው። በሳምንት 200 የተባለ ቤት በወር 800 ይመስላል፤ አይደለም። ዓመት 52 ሳምንት ስላለው 200 በ52 ይባዛና ለ12 ይካፈላል፤ በወር 866.67 ይመጣል። በአራት አባዝቶ በጀት የያዘ ሰው ዓመቱ ሲያልቅ 800 ጎድሎበት ይገኛል። ስፋቱ በስኩዌር ፊት ከተጻፈ ለ10.76 ሲካፈል ካሬ ሜትር ይሆናል፤ 500 ስኩዌር ፊት 46 ካሬ ሜትር ገደማ ነው።

«ቢልስ ኢንክሉድድ»፣ የፍጆታ ክፍያዎች ተካተዋል የሚለው ሐረግ፣ ከሁሉም በላይ መጠየቅ ያለበት ነው። መብራት? ውሃ? ጋዝ? ኢንተርኔት? በእንግሊዝ የአካባቢው አስተዳደር የሚሰበስበው ካውንስል ታክስስ? ጥያቄው «ዊች ቢልስ ኣር ኢንክሉድድ፣ ኤንድ ኢዝ ዜር ኤ ሊሚት?» ነው፤ የትኞቹ ክፍያዎች ተካተዋል፣ ገደብስ አለው ወይ? ሁለተኛው ክፍል አይዘለል፤ አንዳንድ አከራይ እስከ ተወሰነ መጠን ከፍሎ ከዚያ በላይ ያለውን ተከራዩ ላይ ይጥላል። የአሜሪካው «ሂት ኤንድ ሆት ዋተር ኢንክሉድድ» ደግሞ ማሞቂያና ሙቅ ውሃ ብቻ ነው፤ መብራቱ የተከራዩ ነው።

«ፈርኒሽድ» ዕቃ ያለው፣ «አንፈርኒሽድ» ባዶ ቤት ነው፤ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ግን ከቤት ቤት ይለያያል። ለእይታ ሲሄዱ የነበረው ፍሪጅ ሲገቡ ላይኖር ይችላል። «ደዝ ዘ ፍሪጅ ስቴይ?» ብለው ይጠይቁ፤ ፍሪጁ ይቀራል ወይ ማለት ነው። ማስታወቂያው «ኮዚ» ካለ ጠባብ መሆኑን ይጠብቁ። «ሌት አግሪድ» ከተጻፈበት ቤቱ ተይዟል፤ ምስሉ ስላልወረደ ነው።

ስልክ ሲደወል

መክፈቻው አጭር ይሁን። «ሃሎ፣ አይም ኮሊንግ አባውት ዘ ዋን ቤድሩም ፍላት። ኢዝ ኢት ስቲል አቬይለብል?» ስለ ባለ አንድ መኝታው ቤት ነው የደወልኩት፣ አሁንም አለ ወይ? ምላሹ «አይም አፍሬድ» ብሎ ከጀመረ ቀጥሎ የሚመጣው መጥፎ ዜና ነው፤ «አይም አፍሬድ ኢትስ ጎን» ሲሉ ተይዟል ማለታቸው ነው። ያን ጊዜ «ዱ ዩ ሃቭ ኤኒቲንግ ሲሚላር?» ብሎ ተመሳሳይ ቤት መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ደላሎች ገና ያልለጠፉት ቤት ይኖራቸዋል።

ቤቱ ካለ «ዌን ኩድ አይ ከም ኤንድ ሲ ኢት?» ይባላል። ቤት የማየቱ ቀጠሮ በእንግሊዝ ቪዊንግ፣ በአሜሪካ ሾዊንግ ወይም ቱር፣ በአውስትራሊያ ኢንስፔክሽን ነው። ሰዓቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንግሊዞች «ሃፍ ቴን» ሲሉ አሥር ሰዓት ተኩል ማለታቸው ነው፤ በአማርኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል። በስልክ የተሰማን ቁጥር ሁሉ መልሶ ማለት ይገባል። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» በመጥፎ መስመር አንድ ይመስላሉና «ዋን ፋይቭ ኦር ፋይቭ ዚሮ?» ብሎ በአኃዝ ማስለየት ነው። «ደብል ፎር» 44 ነው፤ «ኦ» ዜሮ ነው።

አማርኛ ተናጋሪን ከምንም በላይ የሚያስተው የአሉታ ጥያቄ አመላለስ ነው። ደላላው «ዩ ዶንት ስሞክ፣ ዱ ዩ?» ይላል፤ አያጨሱም አይደል? በአማርኛ ልማድ «አዎ፣ አላጨስም» ነውና ሰው «የስ» ብሎ ይመልሳል። በእንግሊዝኛ «የስ» የሚለው ግሡን ስለሚያጸና አድማጩ «አጫሽ ነኝ» ብሎ ሊይዘው ይችላል። የቤት እንስሳ እንደሌለዎት፣ ልጅ እንደማይጨምሩ፣ ሌላ ሰው አብሮዎት እንደማይኖር ሲጠየቁም እንዲሁ ነው። ሥራ ላይ የሚውለው ደንብ ቀላል ነው፦ የሌለን ነገር ሲናገሩ ጥያቄው እንዴትም ይምጣ በ«ኖ» ይጀምሩ። «ኖ፣ አይ ዶንት ስሞክ።» «ኖ፣ አይ ዶንት ሃቭ ፔትስ።» ሙሉውን ዓረፍተ ነገር መናገር ጥርጣሬውን ይዘጋል።

«እሺ» የማለት ልማድም ችግር ያመጣል። አማርኛ ላይ «እሺ፣ እሺ» እየሰማሁ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝኛ ግን ዋጋ ወይም ቀን ከተጠራ በኋላ የሚመጣ «ኦኬይ» ተስማማሁ ተብሎ ይወሰዳል። መስማትዎን ብቻ ለማሳየት «አይ ሲ» ይበቃል፤ ጊዜ ለመግዛት ደግሞ «ሌት ሚ ቲንክ አባውት ኢት፤ ካን አይ ሌት ዩ ኖው ቱሞሮው?» ይባላል።

የአነጋገር ነገር ከተነሳ ሁለት ጥንድ ቃላት ይለዩ። «ልቭ» ባጭሩ ሲነገር መኖር፣ «ሊይቭ» ሳብ ሲደረግ መልቀቅ ነው። «ዎንት» መፈለግ ሲሆን «ዎውንት» አላደርግም ማለት ነው። «አይ ዎንት ቱ ፔይ» ለማለት «አይ ዎውንት ፔይ» ያለ ሰው አልከፍልም ብሏል። ምላስ ላይ የሚከብድ ከሆነ «አይድ ላይክ ቱ» የሚለውን መጠቀም ሁለቱንም ያስቀራል፤ ጨዋም ነው።

ቤቱን ሲያዩ

ደላላው እያሞገሰ ከክፍል ወደ ክፍል ሲወስድዎ መከተል ብቻ በቂ አይደለም። ተከራይ ሊፈትሽ እንደሚችል የታወቀ ነው፤ ፈቃድ የሚጠየቅበት አነጋገር ግን አለ። «ዉድ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ራን ዘ ሻወር ፎር ኤ ሚኒት?» ሻወሩን ለደቂቃ ብከፍተው ቅር ይልዎታል? እዚህ ላይ «ኖ፣ ጎ አሄድ» የሚለው መልስ ፈቃድ ነው፤ ቅር አይለኝም፣ ይክፈቱት ማለት ነው። «ኖ» ሲሰሙ ወደኋላ አይበሉ።

ሻወሩ ክፍት እያለ የወጥ ቤቱን ሙቅ ውሃ ይክፈቱ። ግፊቱ ወይም ሙቀቱ ወዲያው ከወደቀ፣ ሁለት ሰው በሚኖርበት ቤት ሁልጊዜ ጠዋት ይህ ይደገማል። ሽንት ቤቱን ይልቀቁትና እስኪሞላ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ፣ ከሞላም በኋላ መንጠባጠቡን አለማቆሙን ያዳምጡ። መስኮት ሁሉ ተከፍቶ ይዘጋ። ከቁም ሳጥን ጀርባ፣ ከመስኮት ሥርና ከጣሪያው ማዕዘን ሻጋታ ይፈለግ፤ ቀለሙ ከሌላው ግድግዳ ይልቅ አዲስ የሆነበት ቦታ ካለ «ሃዝ ዜር ቢን ኤኒ ዳምፕ ኦር ሞልድ ሂር?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱ «ኖት ዛት አይም አዌር ኦፍ» ከሆነ «እስከማውቀው የለም» ነው፤ የለም ከማለት ይለያል።

ሁለት ቦታ በጣትዎ ካልተጠቆመልዎ ከቤቱ አይውጡ፦ ዋናው የውሃ መዝጊያና የመብራት ሳጥኑ። መዝጊያው በእንግሊዝ ስቶፕኮክ፣ በአሜሪካ ሹት ኦፍ ቫልቭ ነው። ቧንቧ ሲፈነዳ መዝጊያውን ፍለጋ የሚጠፋው ጊዜ ነው ምንጣፉንና የታችኛውን ጎረቤት ጣሪያ የሚያበላሸው። «ዌር ኢዝ ዘ ስቶፕኮክ? ዌር ኢዝ ዘ ፊውዝ ቦክስ?» አጭር ጥያቄዎች ናቸው፤ ደላላው ካላወቀም ለማወቅ እንዲጠይቅልዎ ያድርጉ።

ከዚያ ሰው የሚያፍርባቸው ጥያቄዎች ይምጡ። «ዋይ ዲድ ዘ ላስት ቴነንትስ ሙቭ አውት?» የቀድሞዎቹ ለምን ወጡ? «ሃው ሎንግ ሃዝ ኢት ቢን ኤምፕቲ?» ስንት ጊዜ ባዶ ቆየ? ረዘም ላለ ጊዜ ባዶ የቆየ ቤት ለድርድር ይመቻል። «ኢዝ ዘ ሬንት ኔጎሺየብል?» ብሎ በደፈናው ከመጠየቅ የሚሰጡትን አብሮ ማቅረብ ይሠራል፦ «ኢፍ አይ ሙቭድ ኢን ዚስ ማንዝ፣ ዉድ ዘ ላንድሎርድ ኮንሲደር ኤ ሎወር ሬንት?» በዚህ ወር ብገባ አከራዩ ዝቅ ለማድረግ ያስብበታል ወይ? ዋጋው ካልወረደ ቀለም እንዲቀባ፣ ፍራሽ እንዲቀየር መጠየቅ ይቻላል። ቃል የተገባ ነገር ሁሉ «ኩድ ዩ ፑት ዛት ኢን ራይቲንግ፣ ፕሊዝ?» ይከተለው፤ በጽሑፍ ያድርጉልኝ። ይህን መጠየቅ በእንግሊዝኛ እንደ አለመተማመን አይቆጠርም።

ቤቱን ሳያሳይ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሲገጥም ንግግሩ ያበቃል። የተለመደው የማጭበርበሪያ ቃል «አይም አብሮድ፤ አይል ፖስት ዘ ኪይስ» የሚለው ነው፤ ውጭ ሀገር ነኝ፣ ክፈሉና ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ።

ማመልከቻ፣ መያዣና ውል

ቤቱን ከፈለጉት «አይድ ላይክ ቱ አፕላይ» ይላሉ። ከዚያ የሚጠየቁት ሬፈረንስ ነው፤ ከአሠሪና ከቀድሞ አከራይ የሚመጣ ምስክርነት። አሜሪካ ላይ የብድር ታሪክዎ በክሬዲት ቼክ ይታያል። ታሪክ የሌለው አዲስ ሰው ጋራንተር ይጠየቃል፤ ተከራዩ ካልከፈለ የሚከፍል ዋስ ነው። ዋስ ከሌለ «አይ ዶንት ሃቭ ኤ ጋራንተር። ኢዝ ዜር አናዘር ኦፕሽን?» ብሎ አማራጭ መጠየቅ እንጂ መሄድ አያስፈልግም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣውና በኋላ የተሻሻለው የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታ፣ በትውልድ አገር፣ በአካል ጉዳትና ልጅ በመያዝ ምክንያት ተከራይን ማግለል ይከለክላል። ስለዚህ ከእነዚህ የሚነካ ጥያቄ ሲመጣ «ሜይ አይ አስክ ዋይ ዩ ኒድ ቱ ኖው?»፣ ለምን ማወቅ እንዳስፈለገዎት ልጠይቅ፣ ማለት መብት ነው።

ሁለት ዓይነት ዲፖዚት አለና አይምታታ። ሆልዲንግ ዲፖዚት ቤቱ ለሌላ እንዳይሰጥ የሚከፈል ቀብድ ነው። ሴኪዩሪቲ ዲፖዚት ደግሞ ለጉዳትና ላልተከፈለ ኪራይ የሚያዝ መያዣ ነው። በእንግላንድ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የተከራይ ክፍያዎች ሕግ ቀብዱን ከአንድ ሳምንት ኪራይ፣ መያዣውን ዓመታዊ ኪራዩ ከ50,000 ፓውንድ በታች በሆነ ቤት ከአምስት ሳምንት ኪራይ እንዳይበልጥ ወስኗል። አከራዩ መያዣውን በ30 ቀን ውስጥ በታወቀ የመያዣ ጥበቃ ድርጅት ማስመዝገብ አለበት፤ ጥያቄው «ዊች ስኪም ኢዝ ማይ ዲፖዚት ፕሮቴክትድ ዊዝ?» ነው። በኒውዮርክ ግዛት መያዣው ከአንድ ወር ኪራይ አይበልጥም። በካናዳ ኦንታሪዮ ለጉዳት ተብሎ መያዣ መቀበል አይፈቀድም፤ የሚያዘው የመጨረሻው ወር ኪራይ ነው። አውስትራሊያ ላይ መያዣው ቦንድ ይባላል። ጥያቄው በሁሉም ቦታ አንድ ነው፦ «ኢዝ ኢት ሪፈንደብል፣ ኤንድ አንደር ዋት ኮንዲሽንስ?» ይመለሳል ወይ፣ በምን ሁኔታ?

ውሉ ውስጥ ቀድመው የሚፈለጉ ቃላት አሉ። «ብሬክ ክሎዝ» ውሉ ሳያልቅ መውጣት የሚቻልበት አንቀጽ ነው። «ሰብሌት» ቤቱን ወይም ክፍሉን ለሌላ ማከራየት ሲሆን ብዙ ውል ያለ ፈቃድ ይከለክለዋል። ከሌላ ሰው ጋር አብረው ለሚፈርሙ ትልቁ ቃል «ጆይንትሊ ኤንድ ሰቨራሊ ላየብል» ነው። ሁለት ደባሎች በዚህ ውል ፈርመው አንዱ ቢጠፋ፣ አከራዩ ሙሉውን ኪራይ ከቀረው ሰው መጠየቅ ይችላል። «ግማሹ የኔ ነው» የሚለው ክፍፍል በደባሎቹ መሀል ብቻ ይሠራል፤ አከራዩን አይመለከተውም። ይህን የማይፈልግ ሰው «ካን ዊ ሃቭ ሰፐሬት አግሪመንትስ?» ብሎ የተለያየ ውል መጠየቅ አለበት፤ ያውም ከመፈረም በፊት።

ቀን ሲጻፍ ወሩ በስሙ ይጻፍ። 5/6 በእንግሊዝ ጁን 5፣ በአሜሪካ ሜይ 6 ነው።

ከገቡ በኋላ፦ ብልሽት ሲኖር

መጀመሪያ ቀን ሁለት ሥራ አለ። ኢንቬንተሪ የሚባለው የዕቃና የሁኔታ ዝርዝር ከቤቱ ጋር ይመሳከር፤ ያልተጻፈ ጭረት ወይም ቃጠሎ ካለ ፎቶ ተነስቶ በኢሜይል ይላክ። የመብራት፣ የጋዝና የውሃ ቆጣሪዎችም ፎቶ ይነሱ፤ ካልሆነ የቀድሞው ተከራይ የተጠቀመበት ሊመጣብዎ ይችላል።

የብልሽት ንግግር ላይ ሰው የሚሸነፈው «ኢት ኢዝ ኖት ዎርኪንግ» ብሎ ስለሚያቆም ነው። ይህን የሰማ አስተዳዳሪ ምን ዓይነት ባለሙያ እንደሚልክ፣ አስቸኳይ መሆኑን አለመሆኑን አያውቅምና ጉዳዩን ከታች ያደርገዋል። የሚሠራ መልእክት አራት ነገር ይይዛል፦ የቱ ዕቃ፣ ምን ሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ መቼ ቤት ይገኛሉ። ለምሳሌ፦ «ዘ ኪችን ታፕ ሃዝ ቢን ሊኪንግ ሲንስ ሞንዴይ። ዋተር ኢዝ ከሚንግ ኢንቱ ዘ ከፕቦርድ። አይም ሆም አፍተር ፋይቭ።» የወጥ ቤቱ ቧንቧ ከሰኞ ጀምሮ ያፈሳል፣ ውሃው ቁም ሳጥኑ ውስጥ እየገባ ነው፣ ከአምስት በኋላ ቤት አለሁ፤ ይህም በአማርኛ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ነው። «ሃዝ ቢን ሊኪንግ ሲንስ» የሚለው ቅርጽ ተጀምሮ እስካሁን አለማቆሙን ይናገራል። «ኢት ሊክስ ፍሮም ሞንዴይ» ከተባለ ግን አድማጩ ጊዜው ይምታታበታል። ታፕ በአሜሪካ ፎሴት ነው።

«ሊኪንግ» ያፈሳል፣ «ድሪፒንግ» ጠብ ጠብ ይላል፣ «በርስት» ፈንድቷል ነው። ፍሳሹ ከተደፈነ እንግሊዝ ላይ «ብሎክድ»፣ አሜሪካ ላይ «ክሎግድ» ይባላል። መብራት ሲጠፋ ቀድሞ መስኮት ላይ ማየት ነው፤ ሰፈሩም ከጨለመ «ፓወር ከት» ነው፣ አሜሪካ ላይ «አውቴጅ»። የጎረቤት ከበራ ሳጥኑ ይታያል፤ ማብሪያው ወርዶ ከተገኘና ሲመልሱት ደጋግሞ ከወረደ «ዘ ብሬከር ኪፕስ ትሪፒንግ» ይባላል። የትኛው ዕቃ ሲሰካ እንደሚወርድ መንገር ለኤሌክትሪሻኑ ግማሽ ሥራ ነው።

ማሞቂያ ሲቆም እንግሊዝ ውስጥ መጀመሪያ የሚጠየቁት የቦይለሩን ግፊት ነው። ቦይለሩ ላይ ባለው መለኪያ፣ ሲቀዘቅዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ባር መሆን አለበት። ከ1 በታች ከሆነ «ዘ ፕሬሸር ሃዝ ድሮፕድ ቢሎው ዋን ባር» ይላሉ። ግፊቱን ሞልተውት በቀናት ውስጥ መልሶ ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነውና ይህን መጨመር አይርሱ።

የጋዝ ሽታ ለአከራይ መልእክት የሚጻፍበት ጉዳይ አይደለም። ማብሪያ ሳይነካ፣ ክብሪት ሳይጫር፣ መስኮት ከፍቶ መውጣት፣ ከዚያ ከውጭ መደወል ነው፤ በብሪታንያ ነጻው የአደጋ ቁጥር 0800 111 999 ነው። የሚባለው «አይ ካን ስሜል ጋዝ» እና አድራሻው ብቻ ነው። የጭስ ማስጠንቀቂያው በየደቂቃው ገደማ አንዴ «ጭው» ካለ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ማለቁ ነው፤ «ዘ ስሞክ አላርም ኢዝ ቸርፒንግ» ይባላል። ተነቅሎ አይቀመጥ፤ ብዙ ውል ይህን እንደ ጥፋት ይቆጥረዋል፤ ለሕይወትም ያሰጋል።

ሻጋታ ላይ ክርክሩ ሁሌም አንድ ነው። አከራዩ «ኢትስ ጀስት ኮንደንሴሽን፤ ኦፐን ዘ ዊንዶውስ» ይላል፤ ከእናንተ ትንፋሽና ማብሰያ የመጣ እርጥበት ነው፣ መስኮት ክፈቱ። ይህ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ በመስኮት ጠርዝና በቀዝቃዛ ማዕዘን ላይ በክረምት የሚታይ ጥቁር ነጠብጣብ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይመጣል። ከዝናብ በኋላ የሚሰፋ፣ ጠርዙ ቡኒ የሆነ ወይም ከላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ሥር ያለ እድፍ ግን ውሃ ከውጭ ወይም ከቧንቧ እየገባ መሆኑን ያሳያል፤ ጥገናውም የአከራዩ ነው። «ኢት ጌትስ ወርስ አፍተር ሬይን» ብሎ ቀን የተጻፈባቸውን ፎቶዎች አብሮ መላክ ክርክሩን ያሳጥራል።

አስተዳዳሪው «ሳምዋን ዊል ከም ራውንድ ዚስ ዊክ» ካለ ወዲያው «ዊች ዴይ፣ ሞርኒንግ ኦር አፍተርኑን?» ይከተል። ስልኩ ሲዘጋ የተባለው በመልእክት ይደገም፦ «አዝ ዊ ዲስከስድ ቱዴይ፣ ዘ ፕላምበር ዊል ከም ኦን ተርስዴይ ሞርኒንግ፣ ኤንድ ዜር ኢዝ ኖ ቻርጅ ቱ ሚ።» ዛሬ በተነጋገርነው መሠረት የቧንቧ ሠራተኛው ሐሙስ ጠዋት ይመጣል፣ እኔ የምከፍለው የለም። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ማን እንደሚከፍልና መቼ እንደሚሠራ ሁለቱንም ታስራለች። በእንግላንድ አከራይ ቤቱን ሊያይ ሲመጣ የ24 ሰዓት የጽሑፍ ማሳወቂያ መስጠት አለበት፤ ሳይናገር ከመጣ «ኩድ ዩ ጊቭ ሚ ትዌንቲ ፎር አወርስ ኖቲስ ኔክስት ታይም?» ማለት ድፍረት አይደለም።

ደባልና ጎረቤት

ደባል በአሜሪካ ሩምሜት፣ በእንግሊዝ ፍላትሜት ወይም ሃውስሜት ነው። በሚጋሩት ቤት ውስጥ ቀጥተኛ ትእዛዝ ይጎረብጣል። «ክሊን ዘ ኪችን» ከማለት «ኩድ ዊ አግሪ ኦን ኤ ክሊኒንግ ሮታ?» ብሎ የጽዳት ተራ ማውጣት ይሻላል። ወጪ ስለ መከፋፈል «ሃው ዱ ዩ ስፕሊት ዘ ቢልስ?» የሚጠየቀው ገና ቤቱን ለማየት ሲሄዱ ነው። ጎረቤት ሲረብሽ «ሶሪ ቱ ቦዘር ዩ፤ ኩድ ዩ ኪፕ ኢት ዳውን ኤ ቢት አፍተር ኢለቨን?» ይበቃል፤ ከተደጋገመ ቀንና ሰዓት መዝግቦ ለአስተዳዳሪው መጻፍ ነው።

ሲለቁ

መልቀቂያ ማሳወቅ «ጊቭ ኖቲስ» ይባላል። ስንት ጊዜ አስቀድሞ እንደሚሰጥና ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር ውሉ ይናገራል፤ በቃል መናገር አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠርም። «አይም ራይቲንግ ቱ ጊቭ ኖቲስ። ማይ ላስት ዴይ ዊል ቢ ጁን 30። ፕሊዝ ኮንፈርም ዩ ሃቭ ሪሲቭድ ዚስ።» የመጨረሻዋ ሐረግ፣ መድረሱን ያረጋግጡልኝ የምትለው፣ አትቅር።

መያዣው ላይ የሚነሳው ሐረግ «ፌር ዌር ኤንድ ቴር» ነው፤ በአግባቡ ሲኖሩበት ዕቃ በራሱ የሚያረጀው እርጅና። ፀሐይ ያደበዘዘው ቀለምና ከመርገጥ የሳሳ ምንጣፍ ከዚህ ይቆጠራሉ፤ ለእነዚህ መቁረጥ አይገባም። በካውያ የተቃጠለ ምንጣፍና የተሰበረ በር ግን ጉዳት ናቸው። ቁልፍ ሲመለስ ቤቱ በሙሉ እንደገና ፎቶ ይነሳ፣ ቆጣሪዎቹም ይነበቡ፤ ቼኩ ወይም ደብዳቤው የሚላክበት አዲስ አድራሻ በጽሑፍ ይሰጥ።

ገንዘብ ተቆርጦ ከመጣ «ኩድ ዩ ሴንድ ሚ አን አይተማይዝድ ሊስት ኦፍ ዲዳክሽንስ፣ ዊዝ ሪሲትስ?» ብለው ለእያንዳንዱ ቅናሽ ዝርዝርና ደረሰኝ ይጠይቁ። በካሊፎርኒያ አከራዩ ይህን ዝርዝርና የቀረውን ገንዘብ በ21 ቀን ውስጥ መላክ አለበት። በኒውዮርክ ቀነ ገደቡ 14 ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ዝርዝሩን ያልሰጠ አከራይ ከመያዣው አንዳች የመያዝ መብቱን ያጣል። በእንግላንድ ካልተስማሙ መያዣው የተመዘገበበት ድርጅት ያለ ክፍያ የማስታረቅ አገልግሎት አለው፤ እዚያም የሚታየው በመጀመሪያው ቀን የተላከው ኢሜይል፣ ኢንቬንተሪውና የሁለቱ ቀን ፎቶዎች ናቸው።